የፒሲ ጌም ከየት እንግዛ? ስቲም፣ ጎግ፣ ኤፒክና ጌም ፓስ በቅጂ መከላከያቸው ሲመዘኑ

ጌም ልንገዛ ስንል መጀመሪያ ዋጋውን እናያለን። ቀጥሎ ራሙና ግራፊክስ ካርዱ ይችለዋል ወይ እንላለን። እኔ ከሁለቱም በፊት የምጠይቀው ነገር አለ፦ ገንዘቡን ከከፈልኩ በኋላ ይሄን ጌም ለመክፈት የማን ፈቃድ ያስፈልገኛል?

በ2014 የወጣውን የዩቢሶፍት የመኪና ጌም «ዘ ክሩ»ን የገዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ የጠየቁት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ጌሙ ብቻችሁን ስትጫወቱትም ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መገናኘት ነበረበት። በዲሴምበር 2023 ከሽያጭ ወረደ። ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ጌሙ አይከፈትም። ይባስ ብሎ ከአንዳንዶቹ አካውንት ላይ የመጫወቻ ፈቃዱ ራሱ ተነሳ። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ባዶ እጁን ቀረ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ጌም በኢንተርኔት የሚሸጡትን መደብሮች፣ ስቲምን፣ ጎግንና ኤፒክን፣ እንዲሁም በወር ክፍያ የሚያከራየውን ጌም ፓስን የማወዳድረው በቅናሽ ወይም በጌም ብዛት አይደለም። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ፣ ኩባንያው ቢዘጋ ወይም ሐሳቡን ቢቀይር የገዛችሁት ጌም እጃችሁ ላይ ይቀራል ወይ? መለኪያዬ ይሄ ነው።

ቁልፉ ማን ላይ ነው የሚቆለፈው?

ጌም እንዳይባዛ የሚደረግበት መከላከያ፣ በተለምዶ ዲአርኤም የሚባለው፣ ብዙ ዓይነት አለው። ቀላሉ የመደብር አካውንት ማጣሪያ ነው። ጌሙ ሲከፈት ይህ አካውንት ገዝቷል ወይ ብሎ ያያል፣ ከገዛ ያስገባል። ከበድ የሚለው እንደ ዴኑቮ ያለ ለብቻው የተሠራ መከላከያ ነው። ጌሙን ከኮምፒውተራችሁ ሃርድዌር ጋር ያስረዋል። ከሁሉም የሚከፋው ሁልጊዜ ኦንላይን መሆንን የሚጠይቀው ነው። ኔትወርክ ከሌለ ጌም የለም።

የዚህ ነገር ታሪክ ረጅም ነው። በ2008 የጌም ኩባንያው ኢኤ «ስፖር» የተባለውን ጌም ሲያወጣ ሴኩሮም የሚባል መከላከያ ጨመረበት። አንድ ቅጂ መጀመሪያ ላይ ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር የሚነቃው፣ ማለትም በኩባንያው ፈቃድ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው። ኮምፒውተር የቀየረ፣ ዊንዶውስ እንደገና የጫነ ሰው ቁጥሩ ይቆጠርበታል። ሲያልቅበት ኩባንያውን ደውሎ መለመን ነው። አማዞን ላይ ገዢዎች በሺዎች የሚቆጠር ባለ አንድ ኮከብ አስተያየት አወረዱበት። የሚገርመው፣ «ስፖር» በዚያው ዓመት በብዛት ከተሰረቁት ጌሞች አንዱ ሆነ። ሌባው በመስኮት ገብቶ ሲጫወት ባለቤቱ በሩ ላይ ቁልፍ ሲፈልግ ዋለ።

በ2010 ዩቢሶፍት «አሳሲንስ ክሪድ 2»ን ፒሲ ላይ ሲያወጣ ኢንተርኔቱ ለአፍታ ከተቋረጠ ጌሙ ቀጥ እንዲል አደረገው። በማርች ወር ሰርቨሮቹ ጥቃት ደርሶባቸው ሲወድቁ የገዙት ሰዎች መጫወት አቃታቸው። በ2013 ተራው የ«ሲምሲቲ» ሆነ። በወጣበት ሳምንት ሰርቨሩ ሕዝቡን አልቻለም። ብቻቸውን ከተማ ሊገነቡ የፈለጉ ሰዎች ወረፋ ያዙ። ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ማድረግ ከባድ የምህንድስና ሥራ ነው ሲባል ከርሞ፣ ዓመት ሲሞላው በማርች 2014 ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት መንገድ ወጣለት። ይቻል ነበር ማለት ነው።

እኛ አገር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይሄዳል ይመጣል፣ የዳታ ፓኬጅ ተቆጥሮ ነው የሚገዛው። ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ የተቀመጥንባቸው ጊዜያትም አሉ። ቤት ተዘግቶ በሚዋልበት በዚያ ሰዓት ነው ጌም የሚያስፈልገው። ሁልጊዜ ኦንላይን የሚል ጌም የሚዘጋውም በዚያው ሰዓት ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። በሜይ 2024 ሶኒ ስቲም ላይ የሚሸጠውን «ሄልዳይቨርስ 2» ለመጫወት የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ግዴታ ነው አለ። ይህ አገልግሎት ደግሞ በይፋ ከማይሰጥባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ጌሙ ከ170 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ታገደ። ተጫዋቾች ስቲም ላይ ተቃውሟቸውን ሲያዘንቡ ሶኒ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግዴታውን አነሳ። ሆኖም በዚያው ዓመት መስከረም አካባቢ የወጣው የ«ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ» የፒሲ ቅጂም ያንኑ አካውንት ጠየቀ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ሶኒ ለአንዳንድ ጌሞቹ አካውንቱን በፈቃደኝነት አደረገው። ከዚህ የምወስደው፣ ጌም ከመግዛቴ በፊት የሌላ ኩባንያ አካውንት ይጠይቃል ወይ፣ ያ አካውንትስ እኔ ባለሁበት አገር ይከፈታል ወይ ብዬ ማየት ነው። ጌሙን ከስቲም ገዝታችሁ በሩ ላይ የሚያስቆማችሁ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጎግ፦ ፋይሉ የእናንተ ነው

ጎግን በ2008 የከፈተው የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ነው፣ «ዊቸር»ን የሠራው። እዚህ የሚሸጡት ጌሞች የቅጂ መከላከያ የላቸውም። ጋላክሲ የሚባል አፕ አለው፣ ግን ግዴታ አይደለም። ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ፣ ከገዛችሁት ጌም ሥር ያለውን የኦፍላይን መጫኛ ታወርዳላችሁ። የምታገኙት አንድ የሴትአፕ ፋይልና፣ ጌሙ ትልቅ ከሆነ፣ ከጎኑ አራት አራት ጊጋ የሚሆኑ ተከታታይ ፋይሎች ነው። ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቤት፣ በሌላ ላፕቶፕ ትጭኑታላችሁ። የሚጠይቃችሁ የለም።

አንድ ፋይል ከጎደለ መጫኑ መሃል ላይ ይቆማል። ስለዚህ አውርዳችሁ ስትጨርሱ ወዲያውኑ ሞክሩት፤ ከዓመት በኋላ አይደለም። ኔት ካፌ ወይም መሥሪያ ቤት ፈጣን መስመር አግኝታችሁ የምታወርዱ ከሆነ ደግሞ ፍላሻችሁ በምን ዓይነት ፎርማት እንደተዘጋጀ እዩ። ፋት 32 ከሆነ ከአራት ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

መከላከያ አለመኖሩ ከጊዜ በኋላ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ «ፎልአውት 3» ነው። የስቲሙ ቅጂ ከማይክሮሶፍት ጌምስ ፎር ዊንዶውስ ላይቭ ከሚባል አገልግሎት ጋር የታሰረ ነበር። አገልግሎቱ ሲሞት፣ ጌሙን ዊንዶውስ 10 ላይ ማስነሳት ፈተና ሆነ። ሰዎች መፍትሔ ፍለጋ ሲንከራተቱ ቆዩና የጌሙ አሳታሚ ቤተስዳ በኦክቶበር 2021 ማሰሪያውን ፈታላቸው። በ2017 ጎግ ላይ የገባው ቅጂ ግን ከመጀመሪያውም ያ ነገር አልነበረበትም። አንድ ጌም፣ ሁለት መደብር።

ጎግ ገንዘብ የሚመልስበት ደንብም ደግ ነው። ከ2020 ጀምሮ፣ ጌሙን አውርዳችሁና ተጫውታችሁትም ቢሆን፣ ችግር ከገጠማችሁ እስከ 30 ቀን ድረስ መጠየቅ ትችላላችሁ።

እንከኑስ? ትልልቆቹ አዳዲስ ጌሞች ብዙ ጊዜ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይመጡም። በ2021 ደግሞ «ሂትማን» ጎግ ላይ ሲገባ ብዙ ነገሩ ኢንተርኔት የሚፈልግ ሆኖ ተገኘ። ደንበኞቹ ተቆጡ፣ ጎግም ጌሙን ከሽያጭ አወረደው። የሚከታተል ደንበኛ ያለው መደብር መሆኑ ደስ ይለኛል። እዚህም ብትሆኑ ግን በወረቀት ላይ የምትገዙት ፈቃድ ነው። የሚለየው ፋይሉ እጃችሁ ከገባ በኋላ ማንም ከርቀት ሊዘጋባችሁ አለመቻሉ ነው።

ስቲም፦ ሰፊው ገበያ

ስቲም ሁሉም ነገር ያለበት ነው። ጌሙ ብዙ፣ ቅናሹ ብዙ፣ ጓደኛም እዚያው ነው። ደንቡ ግን ግልጽ ነው፦ አካውንቱ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ ጌሙ አይሸጥም። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ልትከፍሉ ስትሉ የምትገዙት ፈቃድ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይታያችኋል። ዲጂታል ሻጮች ይህንን እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጥቷል፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮም ይሠራል። ዘግይቶም ቢሆን እውነቱ መነገሩ ጥሩ ነው።

የስቲም መከላከያ ራሱ ቀላል ነው፣ ሁሉም ጌም ላይም የለም። አንዳንዱን ጌም ፎልደሩን ገልብጣችሁ፣ ስቲምን ዘግታችሁ፣ የጌሙን ፋይል በቀጥታ ብትጫኑት ይከፈታል። ትናንሽ አዘጋጆች ከሚያወጧቸው ውስጥ እንዲህ ያለው ብዙ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ የጌሙን ገጽ በደንብ ማንበብ ነው። በስተቀኝ፣ የጌሙ ባሕርያት ከተዘረዘሩበት ሥር፣ የሌላ ኩባንያ መከላከያ ወይም የሌላ ኩባንያ አካውንት ካለበት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ዴኑቮ ካለ ስሙ አለ። በቀን ውስጥ ከአምስት በላይ ኮምፒውተር ላይ አይነቃም የሚል ገደብ ካለውም እዚያው ነው ያለው። በኦንላይን ጌሞች ላይ ደግሞ ወደ ዊንዶውስ ከርነል፣ ወደ ሲስተሙ እምብርት፣ የሚገባ የማጭበርበር መከላከያ ካለ አዘጋጁ እንዲናገር ስቲም ከ2024 ጀምሮ ያስገድዳል። ብዙ ሰው ቪዲዮውን አይቶ ይገዛል። ያቺን የቀኝ ጎን ግን አያይም።

ያለ ኢንተርኔት ለመጫወት ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ወደ ስቲም ግቡ፣ ጌሙን አንዴ ክፈቱት፣ አፕዴቱን ጨርሱ፣ ከዚያ ከስቲም ሜኑ ወደ ኦፍላይን ቀይሩ። ይህን ያላደረገ ሰው ነው ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቸገረው።

ተመላሽ የሚሰጠው በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውታችሁ ከሆነ ነው። ይህ ደንብ የመጣው በጁን 2015 ነው። ከዚያ በፊት አልነበረም። የአውስትራሊያ የተጠቃሚዎች መብት ኮሚሽን በ2014 የስቲምን ባለቤት ቫልቭን ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱም ደንበኞችን ስለ ተመላሽ መብታቸው አሳስቷል ብሎ የሦስት ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ጣለበት።

ኤፒክ፣ ጌም ፓስ፣ ዲስክ

ኤፒክ በየሳምንቱ ነፃ ጌም ይሰጣል። ለነፃው ብቻ እንኳ አካውንት መክፈት ያዋጣል። መከላከያ እንዲኖር መደብሩ አያስገድድም፣ ውሳኔው የአዘጋጁ ነው። ተመላሹም እንደ ስቲም 14 ቀንና ሁለት ሰዓት ነው። ለመክፈል ስትሉ ግን መከላከያውን ፍለጋ ከስቲም የበለጠ ትደክማላችሁ።

ጌም ፓስ ኪራይ ነው፣ ኪራይ መሆኑንም አይደብቅም። ወርሃዊውን አቁሙ፣ ጌሞቹ ይዘጋሉ። እየከፈላችሁም ጌሙ ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል። ፈጣንና ያልተገደበ መስመር ላለው፣ ብዙ ጌም ቀማምሶ ለሚተው ሰው ጥሩ ነው። በዳታ ፓኬጅ ለሚኖር አልመክርም። አንድ ጌም ለማውረድ የወጣው የዳታ ብር ከወርሃዊው ክፍያ ሊበልጥ ይችላል፣ ጌሙ ግን አይቀርላችሁም።

ዲስክ ያድነኛል የምትሉ ካላችሁ፣ በፒሲ ላይ ያ ዘመን አልፏል። የአሁኑ ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው የስቲም ኮድ ነው። የድሮዎቹም ቢሆኑ ሴፍዲስክ የሚባለው መከላከያ ካለባቸው ዊንዶውስ 10 አያስነሳቸውም፤ ማይክሮሶፍት በ2015 ድጋፉን ያቋረጠው ለደኅንነት ብሎ ነው።

በርካሽ የሚሸጡ ኮዶችና የተዘጋጁ አካውንቶች አሉ፣ ቴሌግራም ላይ ሞልተዋል። ሻጩ ነገ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ አካውንቱን ሊወስድባችሁ ይችላል፣ ኮዱም በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ከሆነ ይሰረዝባችኋል። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ከዚያ በስጦታ ቢልኩላችሁ ይሻላል። ስቲም ላይ በሁለቱ አገሮች መካከል የዋጋው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ስጦታው አያልፍም። ጎግ ላይ በስጦታ ኮድ ይሄዳል።

ክራክ የተደረገውንም፣ መከላከያው ተሰብሮ በነፃ የሚሰራጨውን፣ አልመክርም። ምን እንደተጨመረበት የማይታወቅ ፋይል፣ የባንክ አፕና የግል ፎቶ ባለበት ላፕቶፕ ላይ መጫን ነው። ጌሙን የሠሩትም ሰዎች ደሞዝ ይፈልጋሉ።

ዴኑቮ ያለበት ጌም መቼ ይገዛል?

ይህ ለብቻው መነጋገር ይፈልጋል። ዴኑቮ የኦስትሪያ ኩባንያ ሥራ ነው፣ በ2014 በ«ፊፋ 15» ጀመረ። ጌሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከኩባንያው ሰርቨር ፈቃድ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ለጊዜው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፕሮሰሰር ብትቀይሩ ወይም ትልቅ አፕዴት ቢመጣ ግን እንደገና ሊጠይቅ ይችላል። ሊኑክስ ላይ የምትጫወቱ ደግሞ፣ የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደውን የፕሮቶንን ስሪት በቀያየራችሁ ቁጥር እንደ አዲስ ኮምፒውተር ሊቆጥራችሁ እንደሚችል እወቁ።

በኖቬምበር 2021 ዴኑቮ የሚጠቀምበት አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ሳይታደስ ቀርቶ፣ የተገዙ ጌሞች አንከፈትም አሉ። ስህተቱ የተጫዋቹ አልነበረም፣ የጌም አዘጋጁም አልነበረም። በዚያው ዓመት «ሬዚደንት ኢቭል ቪሌጅ» ጠላት ሲተኮስ ፒሲ ላይ ሲንገጫገጭ ከርሞ፣ ክራክ የተደረገው ቅጂ ከተገዛው ይልቅ ያለ እንከን ሄደ። የጌሙ ኩባንያ ካፕኮም ማስተካከያ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡን የከፈለ ሰው ካልከፈለው ያነሰ ነገር ሲያገኝ ያናድዳል። መናደዱም ልክ ነው።

የኩባንያዎቹንም ጭንቀት ግን አልክድም። በ2024 የታተመ አንድ ጥናት በዴኑቮ የተጠበቁ ጌሞችን አይቶ፣ መከላከያው በመጀመሪያው ሳምንት ከተሰበረ ከገቢው 20 በመቶ ገደማ እንደሚታጣ ገምቷል። ያው ጥናት ከ12 ሳምንት በኋላ ቢሰበር ጉዳቱ ወደ ዜሮ እንደሚጠጋም ይላል። እኔ የምይዘው ሁለተኛውን ነው። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ መከላከያውን ማቆየት ምን ይጠቅማል? አንዳንዶች ይህን ገብቷቸው ያነሱታል። በሜይ 2016 የወጣው «ዱም» በዲሴምበር ዴኑቮው ተነስቶለታል።

ስለዚህ የእኔ ምክር መጠበቅ ነው። ዴኑቮ ያለበትን ጌም ምኞት ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡትና ተዉት። ከወራት በኋላ ዋጋው ይወርዳል፣ ችግሩ በአፕዴት ይስተካከላል፣ መከላከያውም ሊነሳ ይችላል።

እንግዲህ የቱን?

ብቻችሁን የምትጫወቱት፣ ታሪክ ያለው ጌም ከሆነ መጀመሪያ ጎግ ላይ ፈልጉ። ካለ እዚያ ግዙ፣ ጥቂት ዶላር ቢበልጥም። ከሌለ ስቲም፣ የቀኝ ጎኑን አንብባችሁ። ብቻውን የሚጫወቱት ሆኖ ሁልጊዜ ኦንላይን ካለ፣ እኔ ሙሉ ዋጋ አልከፍልም። በግማሽ ዋጋም አስብበታለሁ።

ከጓደኛ ጋር ኦንላይን ለሚጫወቱት ስቲም ይሻላል፣ ሰርቨር መኖሩም የጌሙ ተፈጥሮ ነው። እዚያም ግን ተጫዋቾች የራሳቸውን ሰርቨር እንዲከፍቱ የሚፈቅድ ጌም ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ። ኩባንያው ቢተወውም ጌሙ በተጫዋቾቹ ይኖራል። ከ«ዘ ክሩ» መዘጋት በኋላ ዩቲዩበሩ ሮስ ስኮት የጀመረው «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» የተባለው ዘመቻ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ ድጋፍ ስታቆሙ ጌሙን የሚሠራበት ሁኔታ ላይ ትታችሁ ሂዱ። በአውሮፓ ኅብረት ያቀረበው የዜጎች አቤቱታ በጁላይ 2025 ከአንድ ሚሊዮን ፊርማ አልፏል። መጨረሻ ላይ በአግባቡ መለያየት እንደሚቻል ጉግል አሳይቷል። ጌም በኢንተርኔት ያጫውት የነበረውን ስታዲያ የተባለ አገልግሎቱን በጃንዋሪ 2023 ሲዘጋ ለተገዙት ጌሞች ገንዘብ መልሷል።

ፍርድ ቤት ግን ቶሎ አያደርስም። ፈረንሳይ ውስጥ በ2019 የፓሪስ ፍርድ ቤት የስቲም ጌም መልሶ መሸጥ ይቻላል ብሎ ፈረደ፣ በ2022 በይግባኝ ተሻረ። ስለዚህ በእጃችን ያለው መሣሪያ የመደብሩ የተመላሽ ደንብ ነው። ስቲም ወይም ኤፒክ ላይ ጌም ስትገዙ በመጀመሪያው ቀን፣ ሁለት ሰዓቱ ሳይሞላ፣ ይህን አድርጉ፦ ጌሙን አንዴ በኢንተርኔት ክፈቱት፣ ዝጉት፣ መደብሩን ኦፍላይን አድርጉት፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ እንደገና ክፈቱት። ብቻችሁን የምትጫወቱት ጌም ሆኖ አልከፈት ካለ ወዲያው ተመላሽ ጠይቁ። ስቲም ቅጹ ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ያለ ኢንተርኔት አልሠራ ስላለኝ ነው ብላችሁ በግልጽ ጻፉበት።